የዘጠኝ ቁጥር ትራስ

እናቴ በወይዘሮ ዘነበች ሆቴል አልጋ ታነጥፍ በነበረበት ዘመን የማያናድዳት ሰው አልነበረም። የጭቃ ጫማውን በነጭ ፎጣ የሚጠርግ እንግዳ ያናድዳታል። ሻማ ኮመዲኖው ላይ አቅልጦ የሚያድር፣ በዝናብ መስኮት ከፍቶ የሚወጣ፣ አንሶላው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን የሚልጥ፣ ሁሉም ማታ ማታ ከእሷ ጋር ቤታችን ይገባና የድርሻውን ይሰማል። እኔም አናድዳት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ጓሮ እሄዳለሁ። እዚያ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እንድሠራ ነበር ትእዛዙ። እኔ ግን ሁልጊዜ የምገኘው ሌላ ቦታ ነው። «ስርጉት መቀመጫ አልተፈጠረላትም» ትላለች እናቴ፣ ሳፋውን በእግሯ እየገፋች።

አባቴን አላስታውሰውም። ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። ሞተ ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። እናቴ ታንጉት ከጉና ሥር እኔን አዝላ ደብረ ታቦር የገባችው እሱን መጠበቅ ሲሰለቻት ነው።

ዩኒቨርሲቲው ገና የተከፈተ ሰሞን ነበር። ከየአገሩ ተቀጥረው የመጡት መምህራን የሚከራዩት ቤት እስኪያገኙ ሆቴል ስለሚከርሙ ወይዘሮ ዘነበች ክፍሎቻቸውን በወር ማከራየት ጀምረው ነበር። ሥራው በዛ፤ ሠራተኛው ግን እናቴና ኑሪያ ብቻ ነበሩ። ኑሪያ የገበያው ልብስ ሰፊ ሚስት ናት፤ እናቴ የምትናደድበትን ነገር ሁሉ እሷ ትስቅበታለች። ክረምት ሲሆን ከጉና የሚወርደው ብርድ አንሶላ አያደርቅም። ጠዋት ያሰጡትን ማታ እንደረጠበ ይሰበስቡና ኩሽና ውስጥ ከምድጃው በላይ ገመድ ዘርግተው ያደርቁታል። ከዚያ እንግዳው «አንሶላው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል» ብሎ ይከሳል። ኑሪያ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እናቴ አንሶላውን እንደገና ትነክራለች።

ዘጠኝ ቁጥር የገባው መምህር ተስፋነህ ይባላል። ከሐዋሳ ነው የመጣው። መነጽር ያደርጋል፣ ረጅም ነው፣ ብርዳችንን ደግሞ አልቻለውም፤ ጋቢ ገዝቶ አለባበሱን ስለማያውቅ እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ይጠመጥመው ነበር። ጫማውን በፎጣ አይጠርግም። አልጋውን ራሱ ያነጥፋል። ይህም እናቴን ያናድዳታል፤ ምክንያቱም ያነጠፈውን አፍርሳ እንደገና ማንጠፍ ነበረባት።

«ካነጠፈ አስተካክሎ ያንጥፍ፤ ካልቻለበት ይተው» ትላለች። «ሁለት ጊዜ ነው የሚያሠራኝ።»

አንድ ቅዳሜ፣ መግባት የተከለከልኩበት በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ የዘጠኝ ቁጥርን ብርድ ልብስ ስትገልጥ ትራሱ መሀል ላይ የታጠፈ ብር አየች። አልነካችውም። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ኑሪያን ጠራቻት።

«ረስቶት ይሆናል» አለች ኑሪያ።

«ሰው ብር ትራሱ መሀል ላይ አስተካክሎ ይረሳል?»

ኑሪያ ለመሳቅ ከንፈሯን ከፈት አድርጋ ተወችው። እናቴ ብሩን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ ታች ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። ባንኮኒው ላይ ይሻው ነበር፤ የወይዘሮ ዘነበች የእህት ልጅ። ፀጉሩን ቅባት ይቀባል፣ ቁልፎቹን ሁሉ እሱ ነው የሚይዘው።

«ይህ ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ የተገኘ ነው» አለችው።

«አልተረሳም። ላንቺ ነው።»

«ለምኑ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ ታንጉት? ክፍሉ የምትገቢው አንቺ» አለና በእጁ የያዘውን ቁልፍ ወደ ላይ ወርውሮ ቀለበው።

የእናቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ብሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «መልስለት» ብላው ወጣች። ያን ቀን የቀሩትን ክፍሎች ሁሉ እንደ ተጣላቻቸው አድርጋ ጠረገች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብሩ እንደገና ትራሱ ላይ ነበር። እንደገና ለይሻው ወሰደችለት። በሚቀጥለውም እንደዚያው ሆነ።

እኔ ነገሩን የማጣራው ጓሮ ውስጥ ነው። አንሶላ ሲጨምቁ አንዷ አንዱን ጫፍ፣ ሌላዋ ሌላውን ይዘው ይጠመዝዛሉ፤ ያን ጊዜ ፊት ለፊት ስለሚሆኑ ወሬ ያወራሉ።

«መጥፎ ሰው አይመስልም እኮ» አለች ኑሪያ።

«መጥፎ የሚመስለውማ ማን ያምነዋል።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ገነትንም በዚሁ ነው የጀመሯት።»

«ገነት እኮ ወደቀች» አለች እናቴ፤ ውኃው ከአንሶላው እግሯ ላይ ተንዠቀዠቀ። «እኔ ይቺን ይዤ መውደቅ አልችልም።»

ይቺ የተባልኩት እኔ ነኝ። ገነት ማለት ከእናቴ በፊት አልጋ ታነጥፍ የነበረች የእብናት ልጅ ናት። እንዴት እንደወደቀች ለመገመት አልቸገረኝም። የሆቴሉ ደረጃ ሲሚንቶ ነው፤ ሁልጊዜ የሳሙና ውኃ አለበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብረቱን ሳልይዝ አልወጣም፣ አልወርድም። እናቴ ባልዲ ይዛ ስትወርድም «እማዬ ቀስ» እላታለሁ። እሷም «ምን አደረግሁሽ ደግሞ» ትለኛለች።

የብሩን ነገር ግን በራሴ መንገድ ፈታሁት። ያን ዓመት ጥር ላይ ጉና ሥር የአጎቴ ልጅ ስታገባ ሄደን ነበር። ጥሎሽ ሲመጣ የሙሽራዋ ወገኖች ወዲያው አልተቀበሉም። አነሰ አሉ፣ ፊታቸውን አዞሩ፣ የሙሽራው ሰዎች ደጅ ቆመው ደጋግመው ለመኑ። አያቴን ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ቶሎ ከተቀበሉማ ልጅቷ ቀለለች ይባላል» አለችኝ። እንግዲህ ሰውየው በየሳምንቱ ይሰጣል፣ እናቴ በየሳምንቱ ትመልሳለች። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም። መነጽር ያለው፣ ከሐዋሳ የመጣ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር አባት ላገኝ ነው።

የቀረኝ ሽማግሌው ነበር። ሽማግሌ ሳይላክ ጥሎሽ መምጣቱ ደስ አላለኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳው ላይ ብቻውን ሻይ ሲጠጣ አገኘሁትና ፊቱ ቆምኩ።

«መምህር።»

«አቤት።»

«ሽማግሌ የሚልኩት መቼ ነው?»

«የምን ሽማግሌ?»

«ለእናቴ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እናትሽ ማናት?»

ይህ አስደነገጠኝ። የሚያገባትን የማያውቅ ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ታንጉት ናታ። አልጋዎትን የምታነጥፈው። ትራስ ላይ ብር እያስቀመጡላት አይደል? እሷ ግን ለይሻው ነው የምትመልሰው።»

«ለይሻው?»

«እንዲመልስልዎት ነዋ።»

መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ከዚያ «ደስ ብሏት ወሰደች ነበር ያለኝ» አለ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለሻዩ። ኪሱን ዳብሶ ብስኩት ሰጠኝ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ወደ ሳጥኔ ሮጥኩ።

ዛሬ ያን ሰው ሳስበው ያሳዝነኛል። ሰው በማያውቅበት አገር አንዲት ሕፃን መጥታ ሽማግሌ ላክ ስትለው ምን ይበል? ግን ደግሞ ያናድደኛል። በነጋታው እናቴን አግኝቶ «ነገሩ እንዲህ ነው» ቢላት ያልቅ ነበር። በዚያ ሆቴል ውስጥ ሰው ሁሉ በአፉ ከመናገር በቀር የማያደርገው ነገር አልነበረም። እሱ ያደረገው ምንድን ነው? ያለፉት ስላልደረሷት የሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትራሱ ላይ አስቀመጠው።

ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ እዚያው ነበርኩ። እንግዶቹ ታች ቁርስ ይበላሉ፤ ላይ ቤት እናቴ ትጠርጋለች። የዘጠኝ ቁጥር በር ተከፍቶ ነበር። ከዚያ እናቴ ትራሱን እንዳለ፣ ብሩ ላዩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ዲያቆን መጽሐፍ እንደሚይዝ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። በደረጃው ስትወርድ ብረቱን ልትይዝ ስለማትችል «እማዬ ቀስ» አልኳት። አልሰማችኝም።

የምግብ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፍርፍር፣ ሻይ፣ የጋዜጣ ድምፅ። እናቴ በጠረጴዛዎቹ መሀል አልፋ መምህር ተስፋነህ ፊት ቆመች።

«ይህ የርስዎ ትራስ ነው?»

«ነው» አለ፤ ጉርሻው አፉ ውስጥ ነበር።

«ብሩስ?»

«የኔ ነው። ማለቴ፣ ያንቺ ነው።»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ሰው ሳቀ። እናቴ ወደ ሳቁ ዞር ብላ እስኪያቆም ድረስ ጠበቀችው።

«በምን ምክንያት ነው የኔ የሆነው? ሰው እየሰማ ይንገሩኝ።»

«ጉርሻ ነው» አለ መምህሩ።

ልቤ ዘለለ። በሠርጉ ላይ ሙሽራው ሙሽራዋን ሲያጎርሳት፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ። በሰው ፊት ተናገረ ማለት ነው።

«ጉርሻ በእጅ ነው የሚሰጥ» አለች እናቴ። «ትራስ ላይ የሚሰጥ ጉርሻ እኔ አላውቅም።»

«እንዴት ልስጣት ብዬ ይሻውን ጠየቅሁት። ትራስ ላይ አድርግላት፣ እሷ እንደዚያ ነው የምትወደው አለኝ። ስላጠብሽልኝ፣ ስላነጠፍሽልኝ ነው። ሌላ ነገር የለውም፣ እናቴ ትሙት።»

አዳራሹ ወደ ባንኮኒው ዞረ። ይሻው ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር አንድ ነገር ይፈልግ ነበር፤ ፍለጋውም አላልቅ አለው።

እናቴ ትራሱን ዝቅ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳህኑ አጠገብ አኖረችው። «ለድካሜ ከሆነ በእጄ ይስጡኝ። በቀን፣ ሰው ፊት፣ ለምን እንደሆነ ተናግረው። ያኔ እቀበላለሁ።»

መምህሩ ተነሣ። ብሩን ከትራሱ ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ዘረጋላት። «ስለ ድካምሽ» አለ። ጆሮው ሳይቀር ቀልቶ ነበር።

እሷም በሁለት እጇ ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ትራሱን ታቅፋ ልትሄድ ስትል ደግሞ ወደ አዳራሹ መለስ ብላ፣ «ፎጣውም ለፊት ነው እንጂ ለጫማ አይደለም» ብላ ወጣች። ብዙ ሰው ሳህኑን አየ።

ስለዚህ ታጩ። በምስክር ፊት ሰጠ፣ በምስክር ፊት ተቀበለች። እኔ ጓሮ ሄጄ ሳጥኔ ላይ በሥርዓት ተቀመጥኩ፤ የመምህር ልጅ እንዲህ ነው የምትቀመጠው ብዬ።

ያን ቀን ከሰዓት ወይዘሮ ዘነበች እናቴን ወደ ክፍላቸው አስጠሯት። በሩ ሥር ተቀምጬ ሰማሁ።

«ሆቴሌን የሴት ቤት አስመሰልሽው» አሉ።

«እኔ አይደለሁም ያስመሰልኩት፣ እትዬ።»

«እንግዳ ፊት? ቁርስ ላይ?»

«የት ልበለው ታዲያ? ክፍሉ ውስጥ?»

እኔ የሴት ቤት መባሉ ምኑ እንደሚያስቆጣ አልገባኝም። ባለቤቷ ሴት፣ አጣቢዋ ሴት፣ ምግብ የምትሠራውም ሴት፤ የሴት ቤት ካልሆነ የማን ቤት ነው?

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ለእኔ ትርጉም አልነበረውም። ይሻው ባንኮኒው ላይ ቀረ። እናቴ ከክፍል ሥራ ተነሥታ ጓሮ ልብስ አጠባ ላይ ብቻ ተመደበች፤ እዚያ ደግሞ እንግዳ አይመጣም፣ ጉርሻም የለም። መምህር ተስፋነህ በዚያው ሳምንት ቤት ተከራይቶ ወጣ። ሻንጣውን በባጃጅ ሲጭን አየሁት። ወደ ጓሮው በር ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰ። እናቴ ሳፋው ላይ ጎንበስ እንዳለች ቀና አላለችም።

እኔ በእናቴ ተናደድኩ። የሆነ ነገር ተናግራ አባረረችው ብዬ አመንኩ። በሰው ሁሉ ትናደዳለች፣ እሱም ሰለቸው። ለብዙ ቀን ሳላናግራት ከረምኩ፤ እሷ ግን ሳጥኔ ላይ ዝም ብዬ መቀመጤን አይታ ልጄ ጨዋ ሆነች ብላ ለኑሪያ ነገረቻት።

ገነት ከደረጃ እንዳልወደቀች የነገረችኝ ኑሪያ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ በኋላ። አሁን ገበያው ውስጥ የራሷ የጨርቅ ሱቅ አላት። እንደ ድሮዋ ትስቃለች፤ ይህን ስትነግረኝ ግን አልሳቀችም። ይሻው ለእንግዳው «እሺ ብላለች» ይለዋል፤ ለሠራተኛዋ ደግሞ «ምስጋና ነው፣ ውሰጂው» ይላታል። ወሰደች ማለት እሺ አለች ማለት ይሆናል። መሀል ላይ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። ገነት አርግዛ ወደ እብናት ስትመለስ ልጁን የኔ ነው ያለ ሰው አልነበረም። «እናትሽ ያን ቀን ትራሱን ይዛ ባትወርድ» አለችኝ ኑሪያ፣ «ተራው የእሷ ነበር። ከእሷ በኋላ ደግሞ እኔ እሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እንግዳ ሁሉ በእጄ ነበር የሚሰጠኝ፤ ይሻውም በአጠገቤ ማለፍ ትቶ ነበር።» እናቴን ኋላ ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎች ማደሪያ ጽዳት ቀጠራት። መምህር ተስፋነህ ደግሞ ወደ አገሩ ተዛውሮ አግብቷል አሉ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ነገሩ በሙሉ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት እናቴን ለዓይኗ ሕክምና ባሕር ዳር ወሰድኳት። እኔ አንበሳሜ ከተማ፣ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ፈቃድ የሰጡኝ በልመና ነው። ሆቴል አደርን። ጠዋት ስነቃ እናቴ በአንድ ዓይኗ ጥጥ አድርጋ የሁለታችንንም አልጋ አንጥፋ፣ መታጠቢያ ቤቱን ወልውላ ጨርሳ ነበር። ልንወጣ ስንል ለምታጸዳው ልጅ ብር ትራሱ ላይ አስቀመጥኩ። እናቴ አየችኝ። ብሩን አነሣችና ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ቆመች።

«እማዬ፣ መኪናው ይሄዳል።»

«ይሂድ። ልጅቷ ትምጣ።»

«ዛሬ ካልሄድን፣ መንገዱ ተመልሶ ከተዘጋ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም።»

«የምታነጥፈው ልጅ ትምጣ አልኩሽ።»

መንገድ በተከፈተ ቀን መኪና ማምለጥ ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ሻንጣውን ወለሉ ላይ ጣልኩት። «ዘመኑ ተለውጧል። ትራስ ላይ ያለ ብር ለምን እንደሆነ አሁን ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ አላውቅም።»

«ጥፋተኛው ይሻው ነበር እኮ። መምህሩ ምን አደረገሽ? ያን የመሰለ ጨዋ ሰው ሕዝብ ፊት ትራስ ይዘሽ ወርደሽ አሳፈርሽው።»

ጥጥ በሌለው ዓይኗ ጭቃ የተጠረገበትን ፎጣ በምታይበት አስተያየት አየችኝ።

«ጨዋ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን?»

«ሌላ ሰው ቢያስቀምጠው ወስጄ ዘይት ገዝቼበት ዝም እል ነበር» አለች። «ከሰባት ቁጥርም፣ ከአሥራ ሁለትም ወስጄ አውቃለሁ። ይሻው ያሻውን ቢያወራ ደጄን ዘግቼ እተኛለሁ፤ ማንም አይከፍተውም። ከእሱ ነው ያልፈለግሁት። የእሱ ብር ትራስ ላይ ሲሆን አቃጠለኝ። ይኸው፣ ደስ አለሽ?»

ሻንጣውን ከወለሉ አነሣሁ። ልጅቷ ባልዲና መወልወያ ይዛ ከደረጃው ብቅ አለች። እናቴ ብሩን በሁለት እጇ ሰጥታ «ስለ ድካምሽ ነው፣ ልጄ» አለቻት። ልጅቷ ግራ ተጋብታ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ተቀበለች።

«እሱ ያውቅ ነበር?» አልኳት በደረጃው ስንወርድ።

«ማን ይነግረዋል?»

መናኸሪያ ስንደርስ መኪናው ወጥቷል። እናቴ በሾፌሩ ተናደደች፣ በረዳቱ ተናደደች፣ ሻንጣውን ቀስ ብዬ ጎተትኩ ብላ በእኔ ተናደደች። ጥላ ፈልገን አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ስታስተካክል እያየሁ፣ በዚያን ዘመን ስንት ዓመቷ እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰላሁት። እኔ አሁን ካለሁበት ዕድሜ ብዙም አትበልጥም ነበር።